ፈረሱ ላይ ያለው ሰውዬ

ጅግጅጋ ውስጥ ቀጠሮ መያዝ ቀላል ነው። ፈረሰኛው ሐውልት ጋ እንገናኝ ካላችሁ በቃ፤ የት ነው ብሎ የሚጠይቃችሁ እንግዳ ብቻ ነው። እኔም ለዓመታት እዚያ ስቀጠር ኖሬ፣ ፈረሱ ላይ ስላለው ሰውዬ ከስሙ ያለፈ ነገር አላውቅም ነበር። ሰይድ መሐመድ አብዱላሂ ሐሰን። እንግሊዞች እብዱ ሙላህ ያሉት፣ የአገሩ ሰው ባጭሩ ሰይዱ የሚለው።

ያነቃኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። ስለ 300ዎቹ የስፓርታ ወታደሮች የተሠራውን ፊልም ስልኩ ላይ አይቶ ጨርሶ፣ ግሪኮቹ ጥቂት ሆነው የፋርስን ንጉሥ እንዴት እንዳስጨነቁት ሲያወራልኝ ሐውልቱ ጋ ደረስን። ቀና ብሎ አየውና ይሄ ሰውዬ ከእኛ ጋር ሆኖ ነው የተዋጋው ወይስ እኛን ነው የተዋጋው ብሎ ጠየቀኝ። ዝም አልኩ። ምክንያቱም እኛ ማለት ማን እንደሆነ ራሱ ግልጽ አይደለም። የአባቴ አያት ከሐረር ጦር ጋር ጅግጅጋ ገብተው እዚሁ የቀሩ ወታደር ናቸው። ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ አብሮኝ የተማረው ጓደኛዬ ደግሞ ሶማሌ ነው፤ የሱም ቅድመ አያቶች ግን በዚሁ ሰውዬ ተከታዮች ግመላቸው ተነድቶባቸዋል። እና ሁለታችን እዚያ ሐውልት ሥር ቆመን ሻይ ስንጠጣ፣ ሁለታችንም እሱ የወጋቸው ሰዎች ልጆች ነን ማለት ነው።

ስለዚህ ማንበብ ጀመርኩ። የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፤ ታሪክ ሳነብ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ማን ከፈለ፣ በምን ከፈለ፣ ዕቃው የት ተቀመጠ ወደሚለው ነው። የሰይዱም ሕይወት የገባኝ በዚህ በኩል ነው። ዓመቶቹን አብዛኛውን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ አንቱ ሳልለው የምጽፈውም ንቄው አይደለም፣ ቴዎድሮስንም ምኒልክንም እንዲሁ አይደል የምንጠራው።

መሐመድ የተወለደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ በእናቱ ወገኖች በዱልባሃንቴዎች አገር ነው። የአባቱ ጎሳ ኦጋዴን ነው፤ የቤተሰቡ ሥር ወደ ሸበሌ ሸለቆ፣ ወደ ቀላፎ አካባቢ ይሄዳል። ይህንን ልብ በሉልኝ። ጎሳ ማለት እዚያ አገር መታወቂያም፣ ኢንሹራንስም፣ ፍርድ ቤትም ነበር፤ ሰይዱ ደግሞ በአባቱ አንድ ቦታ፣ በእናቱ ሌላ ቦታ ዘመድ ያለው ሰው ሆኖ አደገ። ኋላ ከአንዱ አገር ሲባረር ወደ ሌላው የሚሸሽበት መንገድ ከልጅነቱ ጀምሮ ተከፍቶለት ነበር።

ልጅ ሆኖ ቁርዓን ተማረ፣ ፈረስ ተማረ። ትንሽ ከፍ ሲል እውቀት ፍለጋ ወጣ፤ ሐረር፣ ሞቃዲሾ፣ ሱዳን ድረስ ሄዷል። በ1890ዎቹ አጋማሽ ለሐጅ መካ ደርሶ ሼህ መሐመድ ሳሊህ ከሚባሉ የሱፊ መምህር ጋር ተገናኘ፤ የእሳቸውን መንገድ፣ ሳሊሂያን ተቀበለ። በ1895 በርበራ ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ነው የተመለሰው። ቆፍጣና፣ ተቆጪ፣ የማይደራደር።

በርበራ ያኔ በእንግሊዝ እጅ ናት። እንግሊዝ እዚያ ምን ትሠራለች ካላችሁ መልሱ ሥጋ ነው። ባሕሩን ተሻግሮ ኤደን ላይ ጦር አላት፤ ያ ጦር በግና ፍየል ይበላል፤ በጉና ፍየሉ ከበርበራ ይጫናል። ከዚህ ያለፈ ብዙም የምትፈልገው ነገር አልነበረም። ለዚህም ነው በኋላ ለሃያ ዓመት ስትዋጋው በየጊዜው ገንዘቡ አንገብግቧት የምትተወው።

ሰይዱ በርበራ ላይ ጫት መቃም ሐራም ነው ብሎ ሰበከ። ትምባሆም እንደዚያው። የከተማዋ ሰው አብዛኛው የቃዲሪያ ተከታይ ነውና አልሰማውም፤ ሳቀበት። (ከአወዳይ የሚመጣው የጫት መኪና ዛሬ ጅግጅጋ ላይ እንዴት እንደሚበር የምታውቁ ፈገግ በሉ።) ከተማዋ አካባቢ የካቶሊክ ሚሲዮን ነበር፤ የሶማሌ ወላጅ አልባ ልጆችን ሰብስቦ ያሳድጋል። ሰይዱ ይህን ሲያይ ደሙ ፈላ። ከተማው ግን የነጋዴ ነው፤ ነጋዴ ደግሞ ወደብ እንዲዘጋበት አይፈልግም። ስለዚህ ወደ መሐል አገር፣ ወደ እናቱ ዘመዶች ተመለሰ።

እዚያ የጀመረው ሥራ ጦርነት አይደለም፤ ሽምግልና ነው። በውሃ ጉድጓድና በግጦሽ የተጣሉ ጎሳዎችን ያስታርቅ ነበር። እንግሊዞችም በመጀመሪያ ደስ ብሏቸው ነበር፤ ያለ ወጪ ሰላም የሚያስከብርላቸው ሼህ ተገኘ ብለው።

በ1899 ግን ጠመንጃ መጣ። ከእንግሊዞች የተሰረቀ ነው የተባለ አንድ ጠመንጃ ሰይዱ እጅ ገባ፤ በአራት ግመል ገዛው ይባላል። የበርበራው ሹም መልስ ብሎ ጻፈለት፤ እሱም የስድብ ምላሽ ላከ። በዚያው ዓመት ከተከታዮቹ ጋር ቡርዖን ያዘና ጅሃድ አወጀ። ተከታዮቹን ደርቪሽ ብሎ ሰየማቸው። ነጭ ጥምጣም ይጠመጥማሉ፤ ከጎሳህ በፊት ደርቪሽነትህ ይቀድማል ይባላሉ። ለዚያ አገር ይህ ትልቅ አዲስ ነገር ነበር።

አሁን ወደ ጅግጅጋ እንምጣ።

ምኒልክ ሐረርን የያዘው በ1879 ዓ.ም. ጥር ነው። ከዚያ በኋላ የሐረር ገዢ ራስ መኮንን ጦር ወደ ኦጋዴን በየጊዜው ይወርድ ነበር፤ ለግብር እየተባለ ከብትና ግመል ተነድቶ ይወጣል። በመሐሉ ደግሞ ክፉ ቀን መጣ። ደጋው ላይ ከብት በሙሉ በበሽታ አለቀ፣ ሕዝብ በረሃብ ረገፈ። ያ የከብት በሽታ ግመል አይገድልም። እና ደጋ ላይ የበሬ ዘር ሲጠፋ፣ ቆላ ላይ ያለው የቁም ሀብት ለጦሩ ምን ያህል እንደሚያጓጓ አስቡት። በ1897 እንግሊዝና ምኒልክ ወሰን ተዋዋሉ፤ የሐውድ ግጦሽ ካርታ ላይ ለሁለት ተከፈለ። እዚያ ግመል የሚያግደውን ሰው ማንም አልጠየቀውም።

ጅግጅጋ ያኔ ከተማ አይደለችም። ሜዳው ላይ በእሾህ አጥር የታጠረ የጦር ሠፈር ናት። በየካቲት 1892 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ማለት ከዓድዋ ልክ አራት ዓመት በኋላ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ደርቪሾች በዚህ ሠፈር ላይ ወረዱ። መነሻው የኦጋዴን ሰዎች ግመል በጦሩ መነዳቱ ነው። የሠፈሩ አዛዥ ግራዝማች ባንቲ ይባላሉ። ጠመንጃ በያዘ ጦርና በእሾህ አጥር ላይ በፈረስና በጦር መሮጥ ምን እንደሚያስከትል ግልጽ ነው፤ ደርቪሾቹ ብዙ ሰው ሞቶባቸው ተመለሱ።

ማን አሸነፈ? የሐረር ሰነድ ግራዝማች ባንቲ መለሷቸው ይላል፤ እውነት ነው፣ ሠፈሩ አልተያዘም። የሶማሌው ትረካ ደግሞ ደርቪሾቹ የተዘረፈውን ግመል ይዘው ተመለሱ ይላል። ሁለቱም አሸንፈናል የሚሉት ሁለቱም የሚፈልጉት ነገር የተለያየ ስለነበረ ነው። አንዱ ቦታ ነው የሚጠብቀው፤ ሌላው ግመል ነው የሚቆጥረው። የአባቴ አያት ወደዚህ ሠፈር የመጡት ከዚህ በኋላ ነው፤ ቤታችን ውስጥ ግን ይህ ውጊያ በአንድም ቀን ተነስቶ አያውቅም።

ሰይዱ ከጅግጅጋ በኋላ ሐረርን አልነካም። ኦጋዴን ግን ስሙን ሰማ፤ ጦሩን የደፈረ ሰው ተገኘ ተባለ። ችግሩ ጦር መቀለብ አለበት። ደመወዝ የለም፣ ግምጃ ቤት የለም። ያለው ግመል ነው፤ ግመል ደግሞ የሚገኘው ከሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ያልተከተሉትን ጎሳዎች፣ በተለይ ቃዲሪያዎቹን መዝረፍ ጀመረ። እዚህ ላይ ነው ለራሴ የሳልኩት ቀላል ሥዕል የተበላሸው። ከተዋጋቸው ኃያላን ይልቅ የበለጠ የተጎዳው የገዛ ጎረቤቱ ነው።

እንግሊዝና ኢትዮጵያ ተስማምተው በ1901 ከሁለት ወገን ዘመቱበት። ከሐረር 15 ሺህ ያህል ሰው ወረደ፤ ብዙውን ያስቸገረው ግን ሰይዱ ሳይሆን ውሃ ጥሙ ነው። እስከ 1904 ድረስ እንግሊዝ አራት ጊዜ ዘመተች። ሰይዱ ይመጣል፣ ይመታል፣ ይጠፋል። ሲሸሽ ከእነ ቤተሰቡ፣ ከእነ ግመሉ፣ ከእነ ቤቱ ነው የሚሸሸው፤ ቤቱ ራሱ እኮ ግመል ላይ ይጫናል። በሚያዝያ 1903 ጉምቡሩ በሚባል ቦታ ኮሎኔል ፕላንኬት የሚመሩት አንድ የእንግሊዝ ክፍል ከዋናው ጦር ተነጥሎ ተገኘና ዙሪያውን ተከበበ። ዘጠኝ መኮንኖችና ወደ 190 የሚጠጉ ወታደሮች እዚያው ቀሩ።

ወንድሜ ፋርስ ፋርስ ሲለኝ ስለነበር ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ ሌላ ታሪክ ነው። ፊልሙ ላይ ከምታዩት ዘመቻ በፊት የፋርሱ ንጉሥ ዳርዮስ፣ 513 ዓመተ ዓለም ገደማ፣ ከጥቁር ባሕር ማዶ ያሉትን እስኩቴሶች ለመውጋት ወጥቶ ነበር። በጀልባ ድልድይ ሠርቶ፣ ዳኑቤን ተሻግሮ፣ ከዓለም ትልቁን ጦር ይዞ። እስኩቴሶቹ ፈረሰኛ ከብት አርቢዎች ናቸው። ወደ ኋላ እያፈገፈጉ ሣሩን ያቃጥላሉ፣ ጉድጓዱን ይደፍናሉ፣ አይገጥሙም። የግሪኩ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እንደተረከው ዳርዮስ ተናዶ ለምን ቆመህ አትዋጋም ብሎ ለንጉሣቸው ላከበት። የንጉሡ መልስ ልብ ያርሳል፦ እኛ የምንጠብቀው ከተማም እርሻም የለንም፣ እንዲያው እንደ ወትሮአችን ነው የምንጓዘው፤ ያለን የአባቶቻችን መቃብር ነው፣ እሱን ካገኛችሁና ከነካችሁ ያኔ መዋጋት አለመዋጋታችንን ታያላችሁ የሚል ነው መንፈሱ። ዳርዮስ ጦሩን አስርቦ ተመለሰ።

ሰይዱ ሄሮዶቱስን ያነበበ አይመስለኝም፤ ሥራው ግን ያው ነው። እንግሊዝን ያሸነፋት በጠመንጃ አይደለም፤ የሚያዝ ነገር ባለማስቀመጥ ነው። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ፣ ሀብቱ በሙሉ የሚንቀሳቀስ ነበር። አንድ ጊዜ ይህን ሕግ ጥሶ ሜዳ ላይ ቆሞ ገጠመ፤ በጥር 1904 ጂድባሊ ላይ። አንድ ሺህ ያህል ተከታዮቹ በአንድ ቀን አለቁ። ከዚያ ሸሸ፤ ወደ ጣልያን ክልል ገባ።

ጣልያን ደግሞ እንግሊዝ ያላሰበችውን አደረገች። በመጋቢት 1905 ኢሊግ በምትባል የባሕር ዳር መንደር ከሰይዱ ጋር ተዋዋለች፤ የኑጋልን ምድር ሰጠችው፣ በእሷ ጥበቃ ሥር ነው አለች። ሰይዱም እሺ ብሎ ፈረመ። ጅሃድ ያወጀ ሰው ከክርስቲያን መንግሥት ጋር ፈረመ ብለው የሚነቅፉት አሉ። እኔ የታየኝ ወደቡ ነው። በጀልባ ጠመንጃና ጥይት የሚገባበት በር አገኘ።

ስለ ጠመንጃ ብቻ ካወራሁ ግን ሰውዬውን አሳንሰዋለሁ። ትልቁ መሣሪያው ግጥም ነበር። ሶማሊኛ በዚያን ጊዜ የጋራ ፊደል የለውም፤ የዛሬው የላቲን ፊደል በይፋ የተወሰነው በ1972 ነው። ጋዜጣ የለም፣ ሬዲዮ የለም። ሰይዱ ግጥም ይገጥማል፤ በቃል የሚይዙ ሰዎች አሉት፤ እነሱ ያዜሙታል፤ በግመል ጓዝ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ይሄዳል። ጠላቱን የሰደበበት ግጥም ከጦሩ ቀድሞ ጠላቱ ሠፈር ይደርስ ነበር። እኛ አንድ ነገር ሼር አድርገን በማግስቱ እንረሳዋለን፤ የሱ ስድብ ከመቶ ዓመት በኋላም የተሰደበው ሰው የልጅ ልጅ ያውቀዋል። ጓደኛዬ አያቶቹ የተሰደቡበትን በቃሉ ያውቃል። ይበሳጫል፤ ግን ግጥሙ ጥሩ ነው ይላል።

በ1909 ግን ቃል ራሱ ዞረበት። ከመካ፣ ከመምህሩ ከሼህ መሐመድ ሳሊህ ደብዳቤ መጣ፤ የሙስሊም ደም ታፈሳለህ፣ የሙስሊም ንብረት ትዘርፋለህ፣ ካላቆምክ ከእኔ አይደለህም የሚል። ጠላት የሰደበውን ችሎታል፤ ይህ ግን ሥር የሚነቅል ነው። ከተከታዮቹ ትላልቆቹ አንድ ዛፍ ሥር በምሥጢር ተሰበሰቡ። እንግደለው? በሌላ እንተካው? ወይስ ትተነው እንሂድ? ወሬው ጆሮው ደረሰ። ብዙ ሰው ከዳው፣ ብዙ ሰው ገደለ። ከዚያ ቀን በኋላ ሰይዱ ማንንም በሙሉ ልቡ ያመነ አይመስለኝም።

ይህ የሚያበቃለት ጊዜ ነበር። ያዳነው የእንግሊዝ ስስት ነው። በ1910 ለንደን ወጪው በዛ ብላ ጦሯን ወደ ባሕር ዳር ሰበሰበች። ስትወጣ ለወዳጅ ጎሳዎች ጠመንጃ አደለች፤ ራሳችሁን ጠብቁ ብላ። ውጤቱን ለመገመት ኢኮኖሚስት መሆን አያስፈልግም። ጠመንጃ አለ፣ ዳኛ የለም። ጎሳ በጎሳ ላይ ተነሳ፤ ደርቪሽም፣ ወዳጅ የተባለውም ዘረፈ። በ1911 እና 1912 የሆነውን ሶማሌዎች ቆሻሻ የተበላበት ዘመን በሚል ስም ያስታውሱታል። በእንግሊዝ ግዛት ውስጥ ከነበሩት ወንዶች ሲሶው አልቋል ተብሎ ይገመታል።

የጓደኛዬ ቅድመ አያቶች ግመላቸውን ያጡት በዚያን ጊዜ ነው። ግመል ማለት ለእነሱ ወተት፣ ጓዝ መጫኛ፣ ጥሎሽ፣ የደም ካሳ፣ የክፉ ቀን ቁጠባ ነው። ባንካችሁ አንድ ቀን ጠዋት በሩን ቢዘጋ አስቡት፤ ቅርንጫፉ ብቻ ሳይሆን ገንዘቡም፣ መታወቂያችሁም፣ የጋብቻ ውላችሁም አብሮ ቢጠፋ። ቤተሰቡ በእግሩ ወደ ምዕራብ ተጉዞ ጅግጅጋ ሜዳ ላይ እርሻ ጀመረ። ለዚህ ነው ጓደኛዬ ሐውልቱ ጋ ሻይ ሲጠጣ ጀርባውን ሰጥቶ የሚቀመጠው። እየቀለደ ነው፤ ግን ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚቀመጠው።

በነሐሴ 1913 ሪቻርድ ኮርፊልድ የሚባል እንግሊዛዊ፣ ዱል ማዶባ ላይ ከግመለኛ ፖሊሶቹ ጋር ደርቪሾችን ገጥሞ ተገደለ። ሰይዱ ስለ ሞቱ የገጠመው ግጥም ከሶማሊኛ ግጥሞች ሁሉ ከታወቁት አንዱ ነው። የዝናው ጫፍ ይህ ነው። ስህተቱንም የሠራው በዚሁ ሰሞን ነው።

ድንጋይ ቤት ሠራ።

ከየመን ግንበኞች አስመጥቶ ታሌህ ላይ ምሽግ አስገነባ። ግንቡ ቁመቱ እስከ 18 ሜትር፣ ውፍረቱም 4 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በውስጡ ጉድጓድ፣ ጎተራ፣ የከብት በረት፣ ጉልላት ያለው መቃብር ሳይቀር አለ። ሌሎች ምሽጎችም በየቦታው ሠራ። ለምን? ይገባኛል። ደክሞታል፣ ወፍሯል፣ ሃያ ዓመት ሙሉ በግመል ላይ የሚጫን ቤት ሰልችቶታል። መንግሥት ነኝ የሚል ሰው ደግሞ ሰው መጥቶ የሚያየው ግንብ ይፈልጋል። ግን ያቺ የእስኩቴሱ ንጉሥ መልስ ትዝ ትበላችሁ፤ ከተማ የለንም፣ ያለን መቃብር ብቻ ነው ያላት። ሰይዱ አሁን ከተማም መቃብርም ኖረው፣ በካርታ ላይ ጣት የሚጠቁመው ቦታ። እንግሊዞች በ1914 መጨረሻና በ1915 መጀመሪያ ሺምበር ቤሪስ የሚባለውን ምሽጉን አፈረሱት። እዚያ አንድ ዓይኑን ያጣ ካርተን ደ ዊያርት የሚባል መኮንን በሁለት የዓለም ጦርነቶች የታወቀ ጄኔራል ሆኗል።

የዓለም ጦርነቱ መምጣት ግን ለሰይዱ ትንሽ ትንፋሽ ሰጠው፤ እንግሊዝ ሌላ ቦታ ተጠመደች። አዲስ አበባ ደግሞ ልጅ ኢያሱ ሥልጣን ላይ ነበር። ይሄ ወጣት ከአያቱ ከምኒልክ ፈጽሞ ሌላ መንገድ ያዘ፤ በ1916 ጅግጅጋ ድረስ መጥቶ ከሶማሌ ሽማግሌዎች ጋር ተቀመጠ፣ ከሰይዱም ጋር ተላላከ፣ መሣሪያም ላከለት። ጠመንጃ የሚጠግን አንድ ጀርመናዊ ባለሙያ ታሌህ ድረስ ተልኮ ነበር፤ ሰውዬው ኑሮው አላስችል ብሎት ሲያመልጥ በረሃ ላይ በጥም ሞተ። አስራ ስድስት ዓመት ወደ ኋላ ብትቆጥሩ ሰይዱ ጅግጅጋን ሊያቃጥል የመጣ ጠላት ነበር፤ አሁን የኢትዮጵያ አልጋ ወራሽ ወዳጁ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ ኢያሱ ከሥልጣን ወረደ፤ ወዳጅነቱም አብሮ ፈረሰ። ከውድቀቱ ምክንያቶች አንዱ ይኸው ከሶማሌዎች ጋር መቀራረቡ ነው። እኔ ትምህርት ቤት የተማርኩት የታሪክ መጽሐፍ ይህን በአንድ መስመር ነው ያለፈው።

በ1920 ጥር ወር ለንደን አዲስ ነገር ሞከረች። ያኔ አየር ኃይሏ ገና ልጅ ነው፤ ጦርነቱ ስላበቃ ይፍረስ የሚሉ ነበሩ፤ እንደሚያስፈልግ ማሳየት ነበረበት። 12 አውሮፕላኖች በመርከብ ተጭነው በርበራ ደረሱ። ጥር 21 ቀን መዲሼ በሚባለው የሰይዱ ሠፈር ላይ ቦምብ ጣሉ። ከዚያ በፊት ደርቪሾቹ አውሮፕላን አይተው አያውቁም። ከሰማይ መልእክተኛ መጣ ብሎ ያሳመነው ሰው ነበር ይባላል፤ ሰይዱ ጥሩ ልብሱን ለብሶ ሊቀበል ወጣ። ቦምቡ አጠገቡ የቆመውን አጎቱን ገደለው፤ የሱን ልብስ ለበለበው። በቀጣዮቹ ቀናት ታሌህም ተመታ፤ የካቲት 9 ቀን እግረኛው ጦር ገባበት። 4 ሜትር ውፍረት ያለው ግንብ ከላይ ለሚመጣ ነገር ምንም አልረባም። ጠቅላላው ነገር ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ ወጪው 77 ሺህ ፓውንድ ገደማ ተባለ። ለሃያ ዓመት ስትከስር የኖረች መንግሥት በዚህ ዋጋ ጨረሰችና ተደነቀች፤ ብዙም ሳይቆይ ይኸው ዘዴ ኢራቅ ላይ ተደገመ።

ሰይዱ ግን አልተያዘም። ግንቡን ጥሎ፣ ጥቂት ሰው ይዞ፣ እንደ ድሮው ወደ ኦጋዴን፣ ወደ አባቱ ወገኖች ገባ። የእንግሊዙ ገዢ ሽማግሌ ላከለት፤ ቦታ እሰጥሃለሁ፣ በሰላም ኑር ብሎ። እምቢ አለ። ገና ተከታይ ይሰበስብ ነበር። ከዚያ በሽታ ገባ፤ ፈንጣጣ በሰው፣ የከብት በሽታ በከብቱ። በዚያ ላይ እሱ ለዓመታት ሲዘርፋቸው የነበሩ ጎሳዎች በሺዎች ሆነው መጡበት፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ከብትና ግመል ነድተው ሄዱ። የመጨረሻው ውጊያው ይህ ነው። እንግሊዝ አልነበረችበትም፣ ኢትዮጵያም አልነበረችበትም። ግመላቸውን ሊያስመልሱ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ እሱ ራሱ በ1892 ጅግጅጋ ላይ እንዳደረገው።

ከቀሩት ጥቂቶች ጋር ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሸበሌ ወንዝ ዳር ወደ ኢሚ ሸሸ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኢንፍሉዌንዛ ያዘውና እዚያው ሞተ፤ በ1920 ታኅሣሥ። ኢሚ ዛሬም በሶማሌ ክልል ውስጥ ናት፤ ከጅግጅጋ በጎዴ በኩል ረጅም መንገድ ነው።

ይህን ሁሉ ለወንድሜ ያወራሁለት እዚያው ሐውልቱ ጋ፣ ጓደኛዬ ጀርባውን ሰጥቶ በተቀመጠበት ነው። ከእኛ ጋር ነው ወይስ በእኛ ላይ ለሚለው ጥያቄው የሚሆን አንድ ቃል አላገኘሁለትም፤ እሱም መልሶ አልጠየቀኝም። የጠየቀኝ የፈረሱን ስም ነው። የሰይዱ ዝነኛ ፈረስ ሒን ፊኒን ይባላል፤ ይህን የመለሰለት ጓደኛዬ ነው፣ ዞር ሳይል።